በጅምር የቀረ ትምህርትና ከሩቅ የሚገኝ ዲግሪ

በኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ትምህርት ልማድ ድጓ የሚማር ተማሪ ዜማውን ከጎጃምም ሆነ ከሸዋ፥ ከትግራይም ሆነ ከወሎ መምህር ዘንድ ሊቀጽል ይችላል፤ ዳሩ ግን በድጓ መምህርነት ወንበር ለመዘርጋት ሲያስብ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር ይገባዋል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ጎንደር በአታ እንደዚሁ የታወቁ የምስክር ቦታዎች ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ለደረሰው ተማሪ የሚቀርብለት ዋናው ጥያቄ «የት ተቀምጠህ ተማርህ» ሳይሆን «ምን ይዘህ መጣህ» የሚል ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ ደብር የቀጸለው ሁሉ እንደ ከንቱ ተቆጥሮ እንደ ገና ከፊደል ጀምር አይባልም። ይህን ልማድ የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በታች የሚተረከውን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም። ቦታውና ቋንቋው ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነውና፤ ማስረጃ የሚሰጠው ለመቀመጥ ነው ወይስ ለማወቅ? በአንድ ቦታ ተጀምሮ በመንገድ የቀረ ትምህርትስ በማን መዝገብ ይቆጠራል?

የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ በ1836 ዓ.ም. በንጉሣዊ ቻርተር ሲቋቋም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድም ተማሪ የሚያስተምር ተቋም አልነበረም። ሥራው መፈተንና ዲግሪ መስጠት ብቻ ነበር። ማስተማሩ ለኮሌጆች የተተወ ሲሆን፥ ለፈተና የሚቀርበው ተማሪ ከታወቀ ኮሌጅ ገብቶ ለመማሩ የምስክር ወረቀት ማምጣት ነበረበት። በመጀመሪያ የታወቁት ኮሌጆች ጥቂት ነበሩ። ነገር ግን ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄደና ዩኒቨርሲቲው አስተምህሯቸውን ለመቈጣጠር የማይችለው ብዛት ላይ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ያ የምስክር ወረቀት ስለ ተማሪው ዕውቀት የሚናገረው ነገር ከቶ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በ1858 የወጣው አዲስ ቻርተር ከሕክምና ትምህርት በቀር በማናቸውም የትምህርት ዓይነት የኮሌጅ ወረቀት መጠየቅን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ የመግቢያውን ፈተና ያለፈና ክፍያውን የከፈለ ሰው ሁሉ፥ በማታ በሻማ ብርሃን ብቻውን ያጠና የመደብር ጸሐፊም ቢሆን፥ ለሎንዶን ዲግሪ ለመፈተን ተፈቀደለት። ሴቶች ግን ይህን መብት ያገኙት ከሃያ ዓመት በኋላ በ1878 ነው።

ይህ ውሳኔ ያለ ክርክር አልተፈጸመም። የኮሌጅ መምህራን ትምህርት ማለት ፈተና ማለፍ ብቻ አይደለም፤ ከመምህር ጋር መዋል፥ ከጓደኛ ጋር መከራከር፥ በቤተ መጻሕፍት መዘዋወርም የትምህርት ክፍል ነው እያሉ ተቃወሙ። ክርክራቸው ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ኮሌጅ ለመግባት ገንዘብም ጊዜም የሌለው ሰው ይህን ክርክር ሲሰማ የሚመልሰው ነገር ቢኖር፥ የተሟላውን ትምህርት ማን ጠላና የሚል ብቻ ነበር።

ከሎንዶን ወጥቶ ወደ ባሕር ማዶ ለመሻገርም ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በ1865 በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በሞሪሸስ ደሴት ፈተናው ተሰጠ። ከዚያም ወደ ሌሎች ቅኝ አገሮች ተስፋፋ። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። የፈተናው ጥያቄ በሎንዶን ታትሞና ታሽጎ በመርከብ ይላካል፤ በደረሰበት አገር የመንግሥት ባለ ሥልጣን ተረክቦ በተወሰነው ቀን በተፈታኞች ፊት ማኅተሙን ይፈታል፤ የተፈታኞቹም መልስ ተሰብስቦና እንደ ገና ታሽጎ በመጣበት ባሕር ተመልሶ በሎንዶን ፈታኞች ይታረማል። ውጤቱን ለማወቅ ወራት መጠበቅ የግድ ነበር። ዳሩ ግን በመጨረሻ የሚመጣው ዲግሪ በሎንዶን ተቀምጦ ከተማረው ሰው ዲግሪ ጋር በሕግ ፊት እኩል ነበረ። በ1900 ዩኒቨርሲቲው ራሱ ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹን የውስጥና የውጭ ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። በምሥራቅ አፍሪካና በምዕራብ አፍሪካ መምህራን ዘንድ «የውጭ ዲግሪ» የሚባለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ፈተናው እንዲህ በተከፈተ ጊዜ ለፈተናው የሚያዘጋጅ ነጋዴ መነሣቱ አይቀርም ነበር። ዊልያም ብሪግስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1887 በካምብሪጅ ከተማ የዩኒቨርሲቲ የተልእኮ ኮሌጅ አቋቋመ። ትምህርቱ በፖስታ ይላካል፤ ተማሪው መልሱን ጽፎ ይልካል፤ አራሚው በቀይ ቀለም አርሞ ይመልሳል። ከአራሚዎቹ አንዱ በኋላ በልብ ወለድ ድርሰቶቹ ዓለም ያወቀው ኤች. ጂ. ዌልስ ነበረ። የዚህ ሰው ታሪክ ለያዝነው ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ዌልስ በሎንዶን ሳውዝ ኬንሲንግተን በሚገኘው የሳይንስ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምሮ በ1887 ያለ ዲግሪ ወጣ። ከዚያ በኋላ ባለ ደካማ ጤና የድኻ አስተማሪ ሆኖ ኑሮውን እየገፋ አጠናና በ1890 የሎንዶንን የሳይንስ ዲግሪ በውጭ ተማሪነት አገኘ። ሦስቱ ዓመት የተቈጠረለት በመዝገብ ሳይሆን በራሱ ጭንቅላት ውስጥ በቀረው ዕውቀት ነው። የሎንዶን አሠራር ጠባይ እንዲህ ነበር፤ ቀድሞ ስለ ተማርኸው አይጠይቅህም፥ ቀድሞ ስለ ተማርኸውም ዋጋ አይሰጥህም።

በ1894 የተቋቋመው ዎልሲ ሆል የተባለው የኦክስፎርድ የተልእኮ ኮሌጅም ትምህርቱን በአፍሪካ ውስጥ ለብዙ አስተማሪዎች አድርሷል። በምዕራብ አፍሪካ ናይጄሪያዊው አልቫን ኢኮኩ በአስተማሪነት ሥራቸው ላይ እያሉ በ1928 በሎንዶን የውጭ ፈተና በፍልስፍና ዲግሪ አገኙ። በኋላም የራሳቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፍተው፥ የናይጄሪያ መምህራን ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የአገሩ መንግሥት መልካቸውን በአሥር ናይራ የገንዘብ ኖት ላይ ማተሙ የታወቀ ነው። ኦባፌሚ አዎሎዎም በ1944 በዚሁ መንገድ የንግድ ትምህርት ዲግሪ አግኝተዋል።

በምሥራቅ አፍሪካ ነገሩ ዘግይቶ የመጣና የተለየ መልክ የያዘ ነው። በካምፓላ የሚገኘው ማከሬሬ በ1922 የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ ጀምሮ እያደገ ቢሄድም እስከ 1949 ድረስ የሚሰጠው ዲፕሎማ እንጂ ዲግሪ አልነበረም። በኡጋንዳ፥ በኬንያ፥ በታንጋኒካና በዛንዚባር ከነበሩት ተማሪዎች እጅግ የተመረጡት እዚያ ገብተው ብዙ ዓመት ተምረው ይወጡ ነበር፤ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ያን ዲፕሎማ ከዲግሪ ደረጃ በታች አድርገው ስለሚያዩት፥ የማከሬሬ ምሩቅ ወደ እነሱ ሲደርስ አዲስ እንደ ገባ ተማሪ ይቆጠር ነበር።

የዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑት የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ናቸው። ኔሬሬ ከ1943 እስከ 1945 በማከሬሬ ተምረው የመምህርነት ዲፕሎማ አገኙ፤ በታቦራ በሚገኘው የቅድስት ማርያም ትምህርት ቤትም አስተማሩ። ከዚያም በ1949 ወደ ኤዲንብራ ሄደው በ1952 የኤም. ኤ. ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። የኤዲንብራው ትምህርት ሦስት ዓመት ሙሉ ወስዷል፤ በማከሬሬ ያሳለፉት ጊዜ ከዚያ ላይ አልተቀነሰም። ሲመለሱ እንደ ገና አስተማሪ ሆኑ፤ አገራቸውን ከመሩ በኋላም ሕዝቡ በክብር የሚጠራቸው «ምዋሊሙ» በሚለው የስዋሂሊ ስም ነበር፤ ትርጓሜውም አስተማሪ ማለት ነው። ወደ ስኮትላንድ የሚወስድ የትምህርት ስጦታ ያላገኙት የማከሬሬ ጓደኞቻቸው ግን ዲፕሎማቸውን ይዘው በየገጠሩ ትምህርት ቤት ቀሩ። ከእነዚህ መካከል ዲግሪ የፈለገ ሰው የነበረው ምርጫ የሎንዶንን የውጭ ፈተና ከመጀመሪያው ደረጃ አንሥቶ፥ ቀን እያስተማሩ ማታ ማጥናት ነበረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት በ1945 የወጣውን የአስኪዝ ኮሚሽን ምክር ተቀብሎ በቅኝ አገሮች የዩኒቨርሲቲ ኮሌጆችን ሲያቋቁም፥ ሎንዶን የኮሌጆቹ ሞግዚት ሆነ። የካርቱሙ ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅና ማከሬሬ ተማሪዎቻቸውን ለሎንዶን ዲግሪ የሚያዘጋጁት በዚህ «ልዩ ግንኙነት» በተባለው ስምምነት ነበር። መርሐ ትምህርቱ ለአፍሪካ እንዲስማማ የካርቱም ወይም የካምፓላ መምህራን ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ሎንዶን ያጸድቃል፤ ፈተናውንም በአንድነት ያወጣሉ። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ካርቱም በዚያው ዓመት የራሱን ዲግሪ መስጠት ጀመረ። ማከሬሬ፥ ናይሮቢና ዳር ኤስ ሰላም በ1963 አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ያ አንድነት በ1970 ቢፈርስም፥ በቆየበት ጊዜ በሦስት አገሮች የተማሩ ወጣቶች አንድ ዲግሪ፥ አንድ መዝገብ ነበራቸው። የዚህ ነገር ዋጋ የታወቀው ከፈረሰ በኋላ ይመስላል።

የመዝገብ አንድነት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ መውረድ ይገባል። በ1873 የተቋቋመው የጉድ ሆፕ ርእሰ ምድር ዩኒቨርሲቲ በሎንዶን አምሳል የተሠራ የፈተና ተቋም ነበር። በኋላ የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፥ በአጭር ስሙ ዩኒሳ ተባለ፤ ከ1946 ጀምሮም ራሱ በተልእኮ ማስተማር ያዘ። ለጥቁር ተማሪዎች የተከፈተው የፎርት ሄር ኮሌጅም ተማሪዎቹን የሚያዘጋጀው ለዩኒሳ ፈተና ነበረ።

ኔልሰን ማንዴላ በ1939 ፎርት ሄር ገቡ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የተማሪዎች ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ፤ ተማሪዎቹ ግን ስለ ምግቡ መጥፎነትና ስለ ምክር ቤቱ ሥልጣን ማነስ ቅሬታ ስለ ነበራቸው፥ አብዛኞቹ በምርጫው አልተካፈሉም ነበርና ማንዴላ ሥልጣኑን አልቀበልም አሉ። የኮሌጁ ኃላፊ ዶክተር አሌክሳንደር ከር ወይ ምክር ቤቱን ተቀበል፥ ወይ በሚመጣው ዓመት አትመለስ የሚል ምርጫ ሰጧቸው። ማንዴላ አልተመለሱም። ወደ ጆሃንስበርግ ሄደው በመጀመሪያ በማዕድን ማውጫ ዘበኛ፥ ቀጥሎም በአንድ የሕግ ጠበቆች ቢሮ ጸሐፊ ሆኑ። የሚኖሩት አሌክሳንድራ በተባለው ሰፈር ነበር፤ ሰፈሩ ኤሌክትሪክ ስላልነበረው ማታ ማታ የሚያጠኑት በሻማ ነበረ። በ1942 መጨረሻ የቀሩትን ትምህርቶች በዩኒሳ ተፈትነው አለፉ፤ በ1943ም የባችለር ኦፍ አርትስ ዲግሪያቸውን ለመቀበል ወደዚያው ወደ ተባረሩበት ወደ ፎርት ሄር ተመለሱ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማንዴላ በፎርት ሄር የጨረሱት ትምህርት ሳይጠፋ የቀረው በማንም ቸርነት አይደለም። ቀድሞም የተፈተኑት በዩኒሳ ነበረና፥ ኮሌጁ በሩን ቢዘጋባቸውም መዝገቡ የኮሌጁ ስላልነበረ ሊዘጋባቸው አልቻለም። ኔሬሬ ከማንዴላ ያነሰ ተማሪ ሆነው አልነበረም የማከሬሬ ጊዜያቸው ያልተቆጠረላቸው፤ ማከሬሬ በዚያን ዘመን የሌላ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ውስጥ ስላልገባ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ርቀት ትምህርት ሲጻፍ የሚወደሰው የተማሪው ትጋት ነው። ትጋቱማ ሁለቱም ዘንድ ነበረ። ልዩነቱን ያመጣው ግን የሬጅስትራር ሥራ ነው፤ የሬጅስትራርን ሥራ ማንም አያወድስም።

የማንዴላ የሕግ ትምህርት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ያሳያል። በ1943 በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ ጀመሩ፤ ሥራውና ትግሉ ተደራርቦባቸው፥ የመጨረሻውንም ዓመት ፈተና ደጋግመው ወድቀው በ1949 ያለ ዲግሪ ወጡ። የጠበቆችን የሙያ ፈተና በማለፋቸው ግን በ1952 ከኦሊቨር ታምቦ ጋር የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ። በ1962 አፍሪካን ሲዘዋወሩ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በኮልፌ ጥቂት ሳምንታት የጦር ትምህርት ተማሩ፤ ወደ አገራቸው በተመለሱ በቀናት ውስጥ፥ ነሐሴ 5 ቀን 1962 ተያዙ። በእስር ቤት ሳሉ የሎንዶንን የሕግ ዲግሪ በውጭ ተማሪነት ከመጀመሪያው ክፍል ያዙ። የሪቮኒያው ችሎት የሞት ቅጣት ሊፈርድ ይችላል ተብሎ በሚፈራበት በ1964፥ ፍርዱ ሊነገር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ማንዴላ ተቀምጠው የሎንዶንን የሕግ ፈተና ይጽፉ ነበር፤ አለፉም። ዘበኞቹ በወደ ፊት ሕይወቱ ምናልባት የማይደርስበትን ዲግሪ ለማግኘት የሚፈተን ሰው ሲያዩ መገረማቸው አያስደንቅም።

በሮበን ደሴት መማር መብት ሳይሆን ፈቃድ ነበረ። መጻሕፍት ይመረመራሉ፤ ክፍያውን እስረኛው ወይም ዘመዱ ይከፍላል፤ ፈቃዱም በማንኛውም ጊዜ ሊነጠቅ ይችላል። ማንዴላ በስውር የጻፉት የሕይወት ታሪክ በተገኘ ጊዜ ለአራት ዓመት ያህል እንዳይማሩ ተከለከሉ። የሎንዶኑ ዲግሪ ሳይፈጸም ቀረ። በመጨረሻ የሕግ ዲግሪውን ያገኙት በ1989 ከዩኒሳ ነው፤ ሊፈቱ ወራት ብቻ ሲቀራቸው። በ1943 በጀመሩት ትምህርትና በተቀበሉት ዲግሪ መካከል አርባ ስድስት ዓመት አለ። በዚሁ ዘመን በሮዴዢያ እስር ቤት የነበሩት ሮበርት ሙጋቤም የሎንዶንን የውጭ ዲግሪዎች በዚያ ሳሉ ማግኘታቸው ይታወቃል፤ የሎንዶን ፖስታ የእስር ቤትን ግንብ የሚያልፍ መሆኑን የአፍሪካ መሪዎች በሚገባ ያውቁት ነበር።

እንግዲህ ሎንዶን ዕውቀትን በመጨረሻው ፈተና ሲመዝን፥ አሜሪካኖች በሌላ ሚዛን ይመዝኑ ነበር። የዚህ ሚዛን አወላለድ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ አሥር ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ለየትኛው ኮሌጅ መምህራን ጡረታ እንደሚከፍል ለመወሰን ኮሌጅ ማለት ምን እንደ ሆነ መተርጐም ነበረበት። ስለዚህ ተማሪዎቹን የሚቀበለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአሥራ አራት «ዩኒት» የጨረሱትን ሲሆን ነው የሚል ደንብ አወጣ፤ አንዱም ዩኒት በ120 ሰዓት ያህል ትምህርት ተሰፈረ። በኮሌጆችም ውስጥ ትምህርትን በሳምንት ሰዓት ቈጥሮ በክሬዲት መመዝገብ እየጸና ሄደ። ለሽማግሌ መምህራን ጡረታ የተቀመመ መለኪያ በዓለም ዙሪያ የተማሪዎች ዕጣ ወሳኝ ሆነ ማለት ነው። ክሬዲት እንደ ገንዘብ የሚቈጠርና የሚቀመጥ ስለ ሆነ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል፤ ይህን የሎንዶን ዘዴ አያውቀውም።

በ1961 የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የያዘው የአሜሪካኑን ዘዴ፥ ማለትም ሴሚስተርና ክሬዲትን ነው። በዚህ ዘዴ በጣም የተጠቀሙት መምህራን ናቸው። ከበጋ እስከ ክረምት በየአውራጃው ሲያስተምሩ ከርመው፥ ክረምት ሲገባ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ጥቂት ኮርስ ይወስዳሉ፤ በመስከረም ይመለሳሉ፤ በሚመጣው ክረምት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በአዲስ አበባ የሚኖሩት ደግሞ የማታ ትምህርት ገቡ። ዲግሪው ብዙ ዓመት ቢፈጅም የአምናው ክረምት ለዘንድሮው ይቈጠር ነበር።

ይህ ሥርዓት በ1974 በድንገት ተቋረጠ። የደርግ መንግሥት የዕድገት በኅብረት ዘመቻን አውጆ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲልክ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከዚያም ቀይ ሽብር መጣ። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የተማሩ ብዙ ወጣቶች ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከእነሱም አያሌዎቹ በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በከፈተው በር ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ገቡ። በሻንጣቸው የያዙት ነገር ቢኖር ስቱደንት ኮፒ የሚባለው ወረቀት ነበር፤ እሱንም የያዘ ዕድለኛ ነው። አሜሪካዊው ኮሌጅ የሚጠይቀው ግን ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ በታሸገ ፖስታ የሚላከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ሸሽቶ ለወጣ ሰው ወደ ሸሸበት አገር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎ ማስረጃ መጠየቅ ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ያም ሆኖ በዚያው ዘመን በአሜሪካ አንድ አዲስ ነገር ተወልዶ ነበር። የኒው ዮርክ መንግሥት የትምህርት ቦርድ በ1971 «የሪጀንትስ የውጭ ዲግሪ» የተባለውን ሥርዓት አቋቋመ። ይህ ተቋም ክፍልም መምህርም አልነበረውም። በልዩ ልዩ ኮሌጆች የተገኘውን ክሬዲት፥ በጦር ሠራዊት የተገኘውን ትምህርት፥ በፈተና የተረጋገጠውን ዕውቀት ሁሉ በአንድ መዝገብ ሰብስቦ፥ ሲሞላ ዲግሪ ይሰጣል። በ1972 በኒው ጀርዚ የተቋቋመው የቶማስ ኤዲሰን ኮሌጅም ይህንኑ መንገድ ያዘ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ከቀድሞው ክሬዲት የቱንም ያህል ቢቀበሉ፥ የመጨረሻውን ዓመት ወይም ቢያንስ ሠላሳ ያህል ክሬዲት በእኛ ዘንድ ካልተማርህ አንመርቅህም የሚል ደንብ ሲኖራቸው፥ እነዚህ ያን ደንብ አስቀሩት። የሎንዶኑ የ1858 ሐሳብና የካርኔጊ ሚዛን የተገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ የት ተቀመጥህ አይባልም፥ ያለፈውም አይጣልም። የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃን መርምረው በአሜሪካ ክሬዲት የሚተረጕሙ ድርጅቶችም በዚያው ጊዜ ተነሡ፤ ከነሱ የታወቀው ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ የተመሠረተው በ1974 በኒው ዮርክ ነው። ይህ ሁሉ ግን የሚረዳው ወረቀት ላለው ሰው ነው። የሶማሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1991 በእርስ በርስ ጦርነት ተዘግቶ እንደ ገና የተከፈተው በ2014 ነው፤ በእነዚያ ሃያ ሦስት ዓመታት ጅምር ትምህርት የነበረው የሞቃዲሾ ተማሪ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሬጅስትራር አልነበረውም።

በምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታትም ነገሩን አልዘነጉትም። ኬንያ በ1967 ከናይሮቢ አጠገብ በኪኩዩ የተልእኮ ትምህርት ክፍል ከፍታ፥ በሙያው ያልሠለጠኑ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎችን ከሥራቸው ሳይነሡ በደብዳቤና በሬዲዮ አስተማረች። ማከሬሬም በዚያው ዓመት የተልእኮ ትምህርት ጀመረ። የታንዛኒያ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በ1992 በሕግ ተቋቋመ። ወደ ኢትዮጵያም ዘግይቶ፥ ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት፥ ያ የማንዴላ ዩኒሳ ራሱ መጥቶ በአዲስ አበባ ማዕከል ከፈተ። የአፓርታይድ መንግሥት ባለበት ዘመን አብዛኞቹ ነፃ የአፍሪካ አገሮች ከደቡብ አፍሪካ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አቋርጠው ስለ ነበር፥ ከ1994 በፊት እንዲህ ያለው ነገር የሚታሰብ አልነበረም። አሁን ግን ኢትዮጵያዊ የኮሌጅ መምህር በአገሩ የያዘውን ዲግሪ መሠረት አድርጎ፥ ደመወዙን ሳያቋርጥና ቤተ ሰቡን ሳይለይ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ከፕሪቶሪያ ለመማር ቻለ።

በሌላ ወገን ከሩቅ የሚገኝ ዲግሪ በሐሰተኞች እጅ መውደቁም እውነት ነው። ገንዘብ ተቀብለው ወረቀት የሚሸጡ፥ «የሕይወት ልምድህን ወደ ክሬዲት እንለውጣለን» የሚሉ ስመ ዩኒቨርሲቲዎች በየአገሩ በዝተዋል፤ የእነሱ መብዛት የሐቀኛውንም ተማሪ ስም አጕድፏል። በ2010 የኢትዮጵያ መንግሥት የርቀት ትምህርትን እስከ ማገድ የደረሰው የጥራት ጉዳይ አሳስቦኛል ብሎ ነበር፤ እገዳው ከጥቂት ጊዜ በኋላ በልዩ ልዩ ገደብ ተነሥቷል። የሎንዶን አሠራር ጭካኔው ብዙ ቢሆንም፥ በዚህ ረገድ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ታሽጎ የመጣውን የጥያቄ ወረቀት በገንዘብ የሚያልፈው ሰው አልነበረም።

በ1981 የአፍሪካ መንግሥታት በአሩሻ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን የትምህርት ማስረጃ ስለሚቀበልበት ሁኔታ ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ በሥራ ላይ ብዙም ሳይውል ቆየና ተሻሽሎ ታኅሣሥ 12 ቀን 2014 በአዲስ አበባ ጸደቀ፤ አሥር አገሮች ካጸደቁት በኋላም ከታኅሣሥ 15 ቀን 2019 ጀምሮ የጸና ሆነ። የአሁኑ ስምምነት የተሟላ ዲግሪን ብቻ ሳይሆን ያልተፈጸመ ትምህርትንም፥ በተለመደው መንገድ ሳይሆን በርቀት የተገኘውንም ይመለከታል። በጅምር ቀርቶ የነበረው ተማሪ ጉዳይ በአፍሪካ መንግሥታት ፊት በስሙ ተጠርቶ በሕግ የተጻፈው እንግዲህ ማንዴላ ከኮልፌ ተነሥተው ወደ እስር ቤት ከሄዱ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ፥ በዚያችው ከተማ ነው።